ራሱን የተመታ ይውጣ

በ1975 ዓ.ም. ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ አቶ አዘዘ ከሰባታሚት ወደ ባሕር ዳር በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ትከሻቸው ላይ ጫፋቸው ቆልመም ያለ አምስት የወይራ በትሮች ተሸክመዋል፤ የገና መጫወቻ ናቸው። አቶ አዘዘ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ለሚጫወተው ሁሉ በትር ሲጠርቡ፣ ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ወርውረው ጨዋታ ሲያስጀምሩ፣ ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ያልቆሙበት ገና እንደ ገና አይቆጠርም።

ቁስል ከሚያክመው ከድሬሰሩ ከአበራ ጋር ሳያስቡት የተገናኙት እዚያው መንገድ ላይ ነው። አበራ የአሰላ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ይፋግ ሠርቶ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ተዛውሯል። ቀበሌው አዲስ ላቋቋመው የገና ውድድር ጸሐፊ አድርጎታል። «ገና» የሚለው ስም ሃይማኖት ሸተታቸውና ካድሬዎቹ «ባህላዊ የዱላ ኳስ» ብለውታል፤ ይህን ስም ሳይስቅ የሚጠራ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ስድስት ቡድን አለ፤ ሦስቱ የወጣቶች፣ ሦስቱ የጎልማሶች። በየእሑዱ እየተጋጠሙ እስከ የካቲት ሊዘልቁ ታስቧል።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ስፈልግዎ ሰነበትኩ» አለ አበራ እጅ ነሥቶ።

«እግዜር ይመስገን። እኔም ስሸሽህ ሰነበትሁ።»

«እሑድ ደረሰ እኮ። እርስዎ ካልወጡ የሰባታሚትም የሐይቅ ዳሩም ቡድን አይወጣም። ወጣትና ጎልማሳ ይለይ ስንል እሺ ብለዋል፤ ዳኛ ይኑር ስንልም እሺ ብለዋል። የቀረችን አምስተኛዋ ደንብ ናት።»

«እሷን ሰርዛትና እወጣለሁ» አሉ ሽማግሌው።

አምስተኛዋ ደንብ ራሱን የተመታ ተጫዋች ወዲያው ከሜዳ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ይታይ፣ ሁለት እሑድም አይጫወት ትላለች።

«ልጄ፣ ከሩቅ አገር መጥተሃልና አልፈርድብህም» አሉ አቶ አዘዘ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል እንደዋዛ አይደለም። የተመታ አያለቅስም፤ የመታ አይጠየቅም። የተመታው ሁሉ ጤና ጣቢያ ከሄደ፣ ማን መታህ ይባላል። ማን መታህ ከተባለ ወንድም ይነሣል። ወንድም ከተነሣ ጨዋታው ቀርቶ ደም መቃባት ነው። አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ነው አፋችንን ያስያዙን።»

እውነት ለመናገር ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ተማርሁ ያለ ሁሉ በአሮጌ ነገር ውስጥ ጥበብ የለም ብሎ ቢያስብ የሚያታልለው ራሱን ነው። አበራ ይህ ስለገባው ጥቂት አስቦ መለሰ።

«ማን መታህ ብለን አንጠይቅም አባባ። የት ላይ ተመታህ ብቻ ነው የምንለው።»

«ቢሆንም የወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ፈሪ ይባላል። ደግሞስ ሰው በሰሜን እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን ለአንድ እብጠት ደንብ ይጻፋል?»

«በሰሜን የሚረግፈውን እኔና እርስዎ አንመልሰውም። ሜዳችን ላይ ወድቆ የሚቀረውን ግን ልንመልስ እንችላለን። ይፋግ ሳለሁ ያየሁትን ልንገርዎት።»

ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር ቆሙ። አበራ ይነግራቸው ጀመር። አንድ ጎበዝ ገና ሲጫወት ከጆሮው በላይ ተመታ። ወደቀ፤ ተነሣ፤ እየሳቀ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። እራቱን በላ። ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። ሲነጋ አስመለሰው፤ ንግግሩ እንደ ሰካራም ተወላገደ። ከዚያ ያንኮራፋ ጀመር፤ ቢጠሩት ቢነቀንቁት አልነቃ አለ። በቃሬዛ አድርገው ሲያመጡት መንገድ ላይ አረፈ።

አቶ አዘዘ በትሮቹን ከትከሻቸው አወረዱ።

«የአንድ ዐይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር?»

አበራ ቀና ብሎ አያቸው። ይህን የሚጠይቀው ሐኪም ነው፤ አለዚያም እንዲህ ሆኖ የሚሞት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ነው።

«አዎ፤ ሰፍቶ ነበር። ከየት ዐወቁት?»

የሽማግሌው አንድ ልጅ ተክለ ጊዮርጊስ አምና በገና ማግሥት ነበር የሞተው። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አበራ የሰማው ምች መትቶት ሞተ ሲባል ነው፤ ሰፈሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

«ዳማ ከሴ ጨምቀን አጠጣነው» አሉ ሽማግሌው። «ፊቱን ቀባነው፤ በጋቢ ሸፈንነው። ላብ ከወጣው ይነቃል አሉን። እኛም ላቡን ስንጠብቅ ዋልን።»

«ሜዳ ላይ ተመትቶ ነበር?»

«ተመትቶ ነበር። ቁጭ አለና ‹አባ፣ ጨለመኝ› አለኝ። ‹ተነሣ፣ አታሳፍረኝ› አልሁት። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ ተነሣ።» ወደ አበራ ዞሩ። «እስቲ አንተ የተማርኸው ንገረኝ። ያን ጊዜ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የእግዜር ቁርጥ ነው፣ ይጽናኑ» ብሎ ያልፍ ነበር። አበራም ማለት ፈልጎ ነበር።

«አላውቅም አባባ። ቶሎ መጥቶም የሚሞት አለ። ግን ዕድል ይኖረው ነበር። ከዚህ በላይ ብናገር እዋሻለሁ።»

አቶ አዘዘ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ደንብህን የጠላሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ። ከተቀበልሁ ልጄን ማን እንደገደለው በአፌ መናገሬ ነው። የመታው ጓደኛው አስናቀ ነው፤ እሱ ምን አጠፋ? እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እስከ ዛሬስ ሰው ማንን ሲወቅስ ኖረ?»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «እናቱን። ጧት ተልባ አጠጥታ ፀሐይ ላይ ለቀቀችው አሏት። እሷም አመነች። እኔ ገደልሁት እያለች ስታለቅስ ዓመቷ ነው።»

«እርስዎ ደንቡን ካልተቀበሉ ተወቃሽ ሆነው የቀሩት እናቱ እማማ እናትዓለም ናቸው ማለት ነው» አለ አበራ።

በቁጣ የተነገረ ቢሆን አቶ አዘዘ በቁጣ በመለሱ ነበር። በትሮቻቸውን አንሥተው፣ ደህና ዋልም ሳይሉ ሄዱ።

ቤታቸው ሲገቡ ወይዘሮ እናትዓለም ምስር ይለቅሙ ነበር። አቶ አዘዘ ሳይቀመጡ ነገሩን ሁሉ ከሜዳው ጀምረው ነገሯቸው። ሴትዮዋ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ።

«ዓመት ሙሉ እጄን ስረግም እያየኸኝ?»

«ጠርጥሬ ነበር፤ መናገር ፈራሁ።»

«እንግዲያው እሑድ እዚያው ሜዳ ላይ ትናገራለህ። የረገመኝ ሰፈሩ ነው፤ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ አይጠቅመኝም» አሏቸው። ከዚያ ወደ ምስራቸው ዞሩ።

እሑድ ስድስቱም ቡድኖች ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለ ስፖርትና ስለ አብዮቱ ብዙ ተናገሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። አቶ አዘዘ ሩሯን ይዘው መሐል ሜዳ ሲቆሙ ግን ሁሉም ጸጥ አለ።

«ተክለ ጊዮርጊስን ምች አልገደለውም» አሉ። «እናቱም አልገደለችውም። ራሱን ተመትቶ ጨለመኝ ቢለኝ፣ ተነሣ አልሁት። አስናቀን ማንም በክፉ እንዳያይብኝ፤ ጥያቄ ያለው ወገን እኔን ይጠይቅ። ከዛሬ ወዲያ ራሱን የተመታ ይውጣ። ማን መታው አይባልም። አልወጣም ካለ ቡድኑ በሙሉ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።»

የመጨረሻዋን ሐረግ አበራ አልጻፋትም፤ ሽማግሌው ናቸው የጨመሯት። ደንቧን ያጸናቻትም እሷ ናት። የተመታው ልጅ ምንም አልሆንሁም ሲል፣ እንዳንሸነፍ ብለው ጎትተው የሚያወጡት የራሱ ጓደኞች ሆኑ። መውጣት ፈሪነት መባሉ በሦስት ሳምንት ተረሳ። ወንድም ለወንድም አልተነሣም፤ ማንም መቺውን አልጠየቀምና። ለልጆቻቸው ፈርተው ከሜዳው የራቁ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም ቀስ በቀስ ልጆቻቸውን ላኩ።

እስከ የካቲት ድረስ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው ወጣ። ስምንቱ እብጠታቸውን ይዘው ከመቀለድ በቀር ምንም አልሆኑም፤ ለዘጠነኛው ሲባል ነው ስምንቱ የሚወጡት። ዘጠነኛው የአንድ ነጋዴ ልጅ፣ ሙሀመድአወል ነበር። እየሳቀ ጤና ጣቢያ ገባ፤ አበራ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲጠብቀው ከሁለት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ያኔውኑ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሐኪሞቹ የራስ ቅሉን ከፍተው የረጋውን ደም አወጡለት።

በሳምንቱ ወይዘሮ እናትዓለም ልጁን ሊጠይቁ ብቻቸውን ሄዱ። አቶ አዘዘ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ይበላል» አሏቸው ሲመለሱ። «ይስቃል፤ እናቱንም በስሟ ይጠራል።»

ይህን ብለው አልፈዋቸው ወደ ቤት ገቡ።