ክሮም ያልተለበጠው ጠመንጃ

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ለደን ጠባቂዎች የሚገዙትን አርባ ጠመንጃዎች እንዲመርጡ የተጠሩት ጡረተኛው የመሣሪያ ኃላፊ፣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ተምራ መጥታ የእሳቸውን ቦታ የያዘችው እሷ ናት። ደን ጠባቂ የነበረው የሽማግሌው ልጅ ከተቀበረ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገን። ልፈርም ነው የመጣሁት። ያው እንደ ድሮው፣ ያልተለበጠውን።»

«ለምን?»

«አፈሙዙ ውስጡን ክሮም የተለበጠው ጥይት ይበትናላ! በመቶ ሜትር ሁለት ጣት ያህል ያስታል። ጋሽ ዒላማ የተባልኩት በከንቱ መሰለሽ?»

«ጎሽ ስንት ጣት ይሰፋል፣ ጋሼ?»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ልጃቸውን የገደለው ጎሽ ነው። ልጁ አንዴ ተኩሶ አቆሰለው፤ ዳግመኛ ሊያቀባብል ሲል ባዶው ቀለህ ተጣብቆ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሊያጽናናቸው ለመጣ ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚናገሩት። «ጠመንጃውን ቢወለውለው ኖሮ ይተርፍ ነበር። ሰነፍ ነበር።»

ልጅቷ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠመንጃዎች ተጋድመዋል።

«እሱ ይጠብቅበት የነበረው ማማ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር አሥራ ሁለት ቀን አደርኩ። በየቀኑ ተኮስኩባቸው። የተለበጠውን ጨርሶ አልወለወልኩትም፤ ቢሆንም አንድም ቀለህ አልያዘብኝም። ያልተለበጠውን ግን እርስዎ እንዳስተማሩን በየማታው ወልውዬ ዘይት ቀባሁት። የመጨረሻው ቀለህ አሁንም ውስጡ ነው። እስቲ ያውጡት።»

ሳቡ። አልወጣም። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ሳቡ፤ እምቢ አለ። እሷ ከአፈሙዙ በኩል በዘንግ መታ መታ አድርጋ አወጣችው። ቀለሁ ላይ የጠመንጃው ውስጥ ዝገት ጠባሳ ታትሟል።

«በየማታው ወልውለሽ ነው?»

«በየማታው። ጥይቱ ሲተኮስ የሚተወውን፣ ዝገት የሚያመጣውን ጨው ዘይት አያነሳውም።»

«እሱም...»

«እሱም፣ ጋሼ። ‹ሙሽራዬን ላሳምራት› እያለ በየማታው ይወለውላት ነበር አሉ ጓደኞቹ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። «ሰነፍ» የምትለዋን ቃል ከልጃቸው ላይ አንስተው የት እንደሚያስቀምጧት ጠፋቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት ያልተለበጠው ይገዛ ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

«ክሮሙ ታዲያ ሁሉን ይችላል?» አሉ በመጨረሻ።

«አይችልም። ለውድድር ያልተለበጠው ይሻላል፤ ተኳሹ ቤቱ ገብቶ በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ቀብቶ ያስቀምጠዋል። የተለበጠውም ቢሆን መወልወል አይቀርለትም። ግን ዝናብ ላይ ለሚያድር ሰው ዝገቱን ይችልለታል፤ ቀለሁን ይለቅለታል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሁለት ጣቷን እንተውለት።»

መሣሪያ የሚመርጥ ሰው በደህና ቀን ዒላማ ፊት የሚቆመውን ብቻ ማሰብ የለበትም። ረጥቦ፣ ደክሞት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚተኩሰውን ማሰብ አለበት። ይህን ለመረዳት ሰው መቅበር አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ ዒላማ የተለበጠው ይገዛ ብለው ፈረሙ። አዲሶቹ ጠመንጃዎች የደረሱት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጠባቂዎቹ የሚወጡት ባልተለበጡት አሮጌዎቹ ነበር።