የተዘቀዘቀው ስም

ያኔ በየታፔላው ፊደል ሥር ነጸብራቅ ካልጨመርን ዲዛይን የሠራን አይመስለንም ነበር። ሄርማታ ገበያው አጠገብ ባለችው ማስታወቂያ ቤቴ ለቡና ነጋዴው ለሐጂ አብዱላሂ ታፔላ እየሠራሁ ነው። ስማቸውን በትልቁ ጻፍኩ፤ ኮፒ አድርጌ ቁልቁል ገለበጥኩና ከሥሩ አስጠጋሁት፤ ከዚያ ወደ ታች እየደበዘዘ እንዲጠፋ አደረግኩት። ስሙ ኩሬ ዳር የቆመ መሰለ። ኮራ ብዬ ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞርኩት።

ሐጂ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩትና፣ “አስተግፊሩላህ! ይሄ ከሥር የተዘቀዘቀው ምንድነው?” አሉኝ።

“ነጸብራቅ ነው ሐጂ፤ ውሃ ላይ እንደሚታየው ማለት ነው።”

አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔን ብትገለብጠኝ ግድ የለም፤ ሰው ነኝ፣ እገለበጣለሁ። ስሜ ውስጥ ግን የአላህ ስም አለ። እሱን አትዘቅዝቅብኝ” አሉ።

ደንግጬ ወዲያው አጠፋሁት። መርቀውኝ ወጡ ብዬ ሳስብ በሩ ላይ ቆመው ቀና አሉ፤ ከነነጸብራቁ የተሰቀለውን የራሴን ታፔላ እያነበቡ ነው።

“ገብረእግዚአብሔር አንተ ነህ? ምን ማለት ነው?”

“የእግዚአብሔር አገልጋይ።”

“አብዱላሂም እኮ ያው ነው!” ብለው ከት ብለው ሳቁ። “ለካ ሞክሼ ነን! ታዲያ የኔን ስታቃና ያንተ ለምን ተዘቅዝቆ ይቀራል?”

እሳቸው መንገዱን ሳይሻገሩ እኔ መሰላል ፍለጋ ወጣሁ።