ረባዳው ላይ የተኛው ጋዝ

ሽማግሌው ምዜ ባውማ በዚያ ጠዋት እግራቸው አላርፍ ብሎ በምሥራቅ ኮንጎ በሳኬ ገበያ ሲንቆራጠጡ፣ በቡካቩ ከተማ ነርስነት ተምራ የተመለሰችውን የጎረቤታቸውን ልጅ ማፔንዶን ሱቅ በር ላይ አገኟት።

«ምነው አባባ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ፍየሎቼ አለቁብኝ፣ ልጄ። ረባዳው ላይ ካሠራሁት ቤት ደጃፍ ተዘርረው አደሩ። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ማዙኩ ነው፤ ክፉው ነፋስ። ምራቴ ከነጨቅላዋ ዛሬ ስለምትገባበት፣ ዶሮ አርጄ አባቶቼን ልለምን ነው።»

ማፔንዶ ደነገጠች። «በፈጠረዎ አባባ፣ እዚያ አያስገቧት! ላይኛው መሬትዎ ላይ ይሥሩላት።»

«ነፋስ በሚገርፈው ላይ? ደግሞ ትምህርት ቤት ስለ መናፍስት ማስተማር ጀመሩ?» ብለው አፌዙባት። ዓይናቸው ግን የሚታረደውን ዶሮ ፍለጋ ገበያውን ያማትር ነበር።

የፈራን ሰው በክርክር መርታት አይቻልም፤ በዓይኑ ማየት አለበት። ማፔንዶ ለስላሳ ገዛችና ማሰሮ ውስጥ ገልብጣ አማሰለችው። አረፋው እየተንጫጫ ወጣ።

«ይህ አፍንጫ የሚቆጠቁጠው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ጋዝ ነዋ! ሕፃን አደረግሽኝ?»

ሻማ ለኩሳ ወደ ማሰሮው ዝቅ አደረገችው። ነበልባሉ ፈሳሹን ሳይነካ ድርግም አለ። ሽማግሌው ተቀብለዋት ራሳቸው ሞከሩት፤ አሁንም ጠፋ።

«ይኸው ጋዝ ከዚያ ከእሳተ ገሞራው ተራራ ሥር ከመሬት ይወጣል። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ረባዳ ይወርዳል። ሌሊት ነፋስ ሲቆም እዚያው ይተኛል፤ ጠዋትም ነፋስ እስኪነሣ አይለቅም።»

«በየሰርጉ የምንጠጣው ሰው ይገድላል?»

«የጠርሙሱ ጥቂት ነው፤ ሲያገሱ ይወጣል። ረባዳውን ሲሞላ ግን መሬት ላይ የተኛ ሕፃን ምን ይተነፍሳል?»

«አባቴም ሳይነጋ እዚያ ከብት አታውርዱ ይለን ነበር» አሉ ምዜ ባውማ ቀስ ብለው።

«አባትዎ አደጋውን አውቀውታል። እኛ ምክንያቱን ጨመርንበት።»

ድንገት ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ወይኔ! ምራቴ ቤቱን ልትጠርግ ወጥታለች!»

ተያይዘው ሮጡ። ምራታቸው ዚጊሬ ሕፃኑን አዝላ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ቁልቁለቱን አጋምሳለች።

«ዚጊሬ! ቁሚ! ተመለሺ!»

ድምፃቸው አስደንግጧት ቆመች፤ ዞራም ወጣች። ማፔንዶ ሻማ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ አሥራ፣ ከዳገቱ ላይ ሆና ወደ ደጃፉ ዘረጋችው። ሣሩ ጋ ሳይደርስ ጠፋ። ዚጊሬ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ሻማው ባይጠፋ እንኳ ደህና ነው ማለት አይደለም» አለች ማፔንዶ። «የሚያዋጣው መራቅ ብቻ ነው።»

ቤቱ ፈርሶ ላይኛው መሬት ላይ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ፍየል አልሞተም፤ ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን በማለዳ ወደ ረባዳው መላክ ተዉ። በአዲሱ ቤት ባደሩ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሕፃኑ ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰ። ዚጊሬ ልታባብለው ስትነሣ፣ ምዜ ባውማ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣

«ተዪው፣ ይጩህ፤ ሲተነፍስ ልስማው» አሏት።