የሟች ባለቤቴን ኮት ለብሶ ቤቴን የሸጠው ተከራይ

የምስክር ስም፦ ለደኅንነቷ ሲባል ያልተጻፈ፤ በሰፈር መጠሪያዋ «እትዬ መርፌ»
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ በቃሉ መጨረሻ ተገልጿል
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ጠዋት

ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ባለአራት ክፍሉ ቤት የእኔና የሟች ባለቤቴ ነው። አንዲት ልጄ ከባሏ ተለያይታ መንትዮቿን ይዛ በአንድ ጠባብ ክፍል ስለምትኖር፣ ይህን ሸጬ አብረን የምንኖርበት ቤት ለመግዛት አሰብኩ። ሰፈሩ «ማሩ» የሚለውን ደላላ ጠራሁ። ክፍሎቹን ዞሮ አየና «እማማ፣ ገዢ ብቻዋን ያለች ሴት ካየ ዋጋ ይሰብራል። ባለቤት ደግሞ ዋጋ ሲሰማ ፊቱ ያሳብቅበታል። ልጅዎ ነኝ የሚል ወንድ ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ ዞር ይበሉ» አለኝ። ቤቴን ለማንም ጥዬ አልወጣም ስለው «እንግዲያው ሠራተኛ ይሁኑዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሞኟ አብሬው ሳቅኩ።

ልጄ እንዲሆን የተመረጠው የኋላውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ነበር። ሲወጣ «እናቴ፣ ምን ላምጣልዎ?» ሳይል የማያልፍ፣ ጨዋ የተባለ ሰው ነው። ያለ ውክልና ገዢ አያምንም ስለተባልኩ የመሸጥ ውክልና በራሴ እጅ ፈርሜ ሰጠሁት። የእሱ ኮት ክርኑ ያለቀ ስለነበር የሟች ባለቤቴን ጥቁር ኮት ከሻንጣ አውጥቼ በትከሻው ልክ አጠበብኩለት። አምሮበት ነበር። እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ገዢዎች መጡ። ሽርጥ ታጥቄ ሻይ አቀረብኩ። ሚስትየዋ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ ስለ ቤቱ ስትጠይቀኝ ጣሪያው እንደማያፈስ፣ የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከፍ አድርገው ካልገፉት እንደማይዘጋ ሁሉንም ነገርኳት። «ባለቤቷስ የት ናት?» ስትለኝ «ውጭ አገር ናቸው፤ የሚያዘው ልጃቸው ነው» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ተከራዩ ኮቱን እንደለበሰ ድርድሩን ልጨርስ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። የእሱም የማሩም ስልክ ዝግ ነው። ትናንት ጠዋት ገዢዎቹ ዕቃቸውን በመኪና ጭነው መጡ፤ ለካ ተከራዩ በውክልናዬ ውል ፈርሞ ገንዘቡን ተቀብሏቸዋል። ሚስትየዋ አቅፋ ሳመችኝና «አይዞሽ እማማ፣ አንቺንማ አናስወጣሽም፤ ሥራሽን እዚሁ ትቀጥያለሽ» አለችኝ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ብዬ መታወቂያዬን ሳሳይ ባልየው ከውሉ ጋር አስተያየው። ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዋሸሽን? ከልጅሽ ጋር ተማክራችሁ ነው የበላችሁን!» ብሎ ጮኸብኝ። ልጄ አይደለም ብል ማን ይመነኝ? ቤቴንም አጣሁ፣ ሌባም ተባልኩ። ለሴት ልጄ እስካሁን አልነገርኳትም፤ በምን አፌ?

ተከራዩ እንዲያዝልኝ፣ የስም ዝውውሩም ሳይፈጸም እንዲታገድልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ቤት የዋሸሁት ያን ቅዳሜ ብቻ ነው። አድራሻዬን ስጠየቅ፣ ትናንት ማታ ሚስትየዋ አዝና ተከራዩ የለቀቀውን ክፍል ስለከፈተችልኝ፣ «ቤቴ፣ የኋላው ክፍል» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። መርማሪው «ቤቴ» የምትለውን ቃል ሊሰርዙ እስክሪብቷቸውን ሲያነሱ እጃቸውን ይዤ ለምኛቸዋለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________