ሲባጎ ያለበት በር

ቬሰል በግድቡ አናት ላይ ብቻውን ሲሄድ ነፋሱ ጎን ለጎን ይገፋው ነበር። በግራው አመድማ ውሃ፣ በቀኙ ከዚያ ውሃ ዝቅ ብሎ የተኛው የመንደሩ እርሻ፤ ሰማዩም በሁለቱ ላይ እኩል ተጭኗል። የፓምፑ ቤት ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ብስክሌቷን እየገፋች የምትመጣ ሴት አየ። ቀረብ ስትል የጎረቤቱ ልጅ ሬንስካ ሆነች። ከተማ ውስጥ በውሃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ሥራዋም የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ሾልኮ ከሚገባ ጠላት መጠበቅ ነው። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ መንገድ ላይ ጎማዋ ተንፍሶባታል።

«አገር የምትጠብቅ ልጅ ጎማዋን መጠበቅ አቃታት?» አላት።

«ጎማዬስ ሲተነፍስ ይናገራል፣ አጎቴ ቬሰል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይናገር የሚተነፍሰው ነው።»

ዝናቡ መውረድ ስለጀመረ ሁለቱም በፓምፑ ቤት ጥግ ተጠለሉ። ከግድግዳው ጀርባ ፓምፑ ያጉረመርማል። ይህ ድምፅ ለመንደሩ ሰው እንደ ገዛ ትንፋሹ ነው፤ ስላለ አይሰማውም። መሬቱ ከባሕር በታች በመሆኑ፣ የዘነበው ሁሉ እየተቀዳ ካልወጣ እርሻው ተመልሶ ሐይቅ ይሆናል። ቬሰል በጉልምስናው ግድብ የሚቦረቡሩ የውሃ አይጦችን በወጥመድ ሲያድን ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የዚህ ፓምፕ ጠባቂ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጥበቃው ቀሎለታል፤ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ያስነሳዋል፣ ያቆመዋል።

ሬንስካ ስለ ጎረቤታቸው ስለ ግሪት ማሳ ጠየቀችው። እሱ ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። ባለፈው ፀደይ በግሪት ማሳ ላይ ውሃ ተኝቶ፣ የቱሊፕ አበቦቿ ሊፈኩ ሲሉ ከነሥራቸው በስብሰዋል። ግሪት ባሏን የቀበረች ሴት ናት፤ ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። መንደርተኛው ግን ፈረደባት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቦይዋን አልጠረገችም፣ ውሃው መሄጃ አጣ ተባለ። በዚያ አገር ቦዩን ያልጠረገ ሰው ጎረቤቱን ውሃ ውስጥ እንደገፋ ይቆጠራል። አሁን ደግሞ የመትከያው ወራት ደርሷል፣ ማዕበልም ይመጣል ተብሏል፤ እሷ ግን ትትከል አትትከል አልወሰነችም።

ልጅቷ የፓምፑን የይለፍ ቃል እነማን እንደሚያውቁት ጠየቀች። ቬሰል ሳቀ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቃል እንደሆነ፣ ቀይሮት እንደማያውቅ፣ በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እሱ ቢታመም ማንም እንዲያስነሳው ብሎ እንደነገራቸው አጫወታት።

«የቤቴን በር ታውቂው የለ?» አለ። «እንደ መንደሩ በር ሁሉ፣ በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ የመቀርቀሪያው ሲባጎ ተንጠልጥሏል። የመጣ ሰው ይስባል፣ ይገባል። እናቴም እንዲሁ ነበረች። መጋረጃም አልዘጋም። የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስቆልፈዋል? እስከ ዛሬ ማንኪያ አልጠፋብኝም።»

«ማንኪያዎን የጠበቀው ክፍት በርዎ ይመስልዎታል?»

«ታዲያ ማን ጠበቀው?»

«መንገዱ ነዋ። እርስዎ ቤት የሚመጣ ሰው በዚህች በአንዲት የግድብ መንገድ፣ መጋረጃ በሌላቸው መስኮቶች ሁሉ ፊት ማለፍ አለበት። እናቴ ታየዋለች፣ ግሪት ታየዋለች። በኢንተርኔት ግን መንገድ የለም፣ አጎቴ። የዓለም ሕዝብ በሙሉ ደጃፍዎ ላይ ነው የቆመው፤ ማን እንደቆመ የሚያይልዎት ጎረቤት የለም። ሲባጎውን ለጎረቤት አንጠለጠሉት፤ ጫፉ ግን የማያውቁት ሰው እጅ ገብቷል።»

ቬሰል ተቆጣ። የተቆጣው ለፓምፑ አልነበረም፤ ከእናቱ የወረሰው ደግነት እንደ ሞኝነት የተቆጠረበት መስሎት ነው። ብዙ ሰው አዲስ ነገርን የሚጠላው ነገሩን መርምሮት አይደለም፤ አሮጌው ፍቅሩ የተነካበት ሲመስለው ነው።

«ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው ከእኛ ቦይ ምን ይፈልጋል? እንቁራሪት ሊሰርቅ ነው?»

«የውሃ አይጥስ ግድቡን ሲቦረቡር ከመንደሩ ጋር ምን ጠብ ነበረው?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የግድቡን አፈር ተመለከተ።

«ልጅ ሳለሁ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለች። «አይጡ መንደር ላጥፋ ብሎ አይቆፍርም። ልል አፈር ስላገኘ ይቆፍራል፤ የቀረውን ውሃው ይሠራዋል። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ለገንዘብ፣ አንዱ ለክፋት፣ አንዱ እንዲያው ለጨዋታ፣ ያልተቆለፈ በር የሚያስስ ፕሮግራም ይለቃል። ያ ፕሮግራም ስምዎን አያውቅም። ልል አፈር ነው የሚፈልገው።»

«ከምትሰብኪኝ አሳዪኝ።»

«ይፈቅዱልኛል?»

«ሞክሪ። ቃሉን ግን ከእኔ አትሰሚም።»

እሷም አልጠየቀችውም። የፋብሪካው መመሪያ ማንም እንዲያነበው በኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ቃል እዚያው ታትሟል። ስልኳን አውጥታ ጥቂት ነካካች።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው ድምፅ ቆመ።

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቬሰል የሞተ ከብት እንደሚዳብስ ሰው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ፓምፑን አስነሳው። በአንድ ንክኪ ተነሳ።

ሬንስካ ይህን ተመለከተች። ቀስ ብላም፣ «በፀደይ ጊዜስ ቆሞ ነበር?» አለችው።

«ቆሞ ነበር» አለ። «ስልኩ ያየዋል ብዬ ሁለት ቀን አልመጣሁም። ስመጣ ዝም ብሏል። አንዴ ነካሁት፣ ተነሳ። አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፤ አሁን አንቺ እንዳቆምሽው ነበር።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። የተኛ ጠባቂ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰው ቦይዋ ነው ሲል ዝም አልኩ።»

የሚደብቀው የሌለው ሰው፣ ብሎ የጀመረውን ንግግር አላስታወሰችውም። ማስታወስ አላስፈለገውም።

«ሌባ ገባብኝ ማለት አያሳፍርም» አለች። «በፀደይ ነግረውን ቢሆን ቀዳዳውን ያኔ እንደፍነው ነበር። የሌሎቹ መንደሮች ፓምፖች ከዚህኛው ጋር በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቀዳዳውን ሲሸሽግ ሌላው ይሰጥማል። ይህ ነገር እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

«ድፈኚው» አለ ቬሰል። «እንዴት እንደሚደፈንም አሳዪኝ። ከእንግዲህ ጠባቂው እኔ ልሁን፣ ስልኩ አይሁን።»

ቬሰል ቤት ገብተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ያቀረበላት የአተር ሾርባ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ልጅቷ መሥሪያ ቤቷን ጠርታ የፀደዩን ነገር አስመዘገበች። የፋብሪካው ቃል ተጣለ፤ በምትኩ ቬሰል ሌላ ሰው ሊገምተው የማይችል ረጅም ቃል አወጣ፣ ለእሷም አልነገራትም። ፓምፑን እንዲያዙ ለተፈቀደላቸው ለሁለት ጎረቤቶች ለየራሳቸው ቃል ተሰጣቸው፤ ማን ምን እንዳደረገ እንዲታወቅ። ቃሉ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ብቻውን እንዳይገባ፣ የባለቤቱ ስልክ እንዲያረጋግጥ ተደረገ። ፋብሪካው የላከውና ለዓመታት ሳይጫን የተቀመጠው የፕሮግራም እድሳት ተጫነ። ፓምፑም ከኢንተርኔት አደባባይ ተነስቶ መሥሪያ ቤቱ ከሚጠብቀው መስመር ጀርባ ገባ። ቬሰል በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ወጥመድ ከማጥመድ የሚከብድ አለመሆኑን በኀዘን አስተዋለ።

ከዚያ ወደ ግሪት ሄደ። በጎተራዋ ውስጥ ለዘንድሮ የገዛቻቸው የቱሊፕ ሥሮች በየሳጥኑ እንደተደረደሩ፣ ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ቆሞ ነገራት። አላቋረጠችውም።

«እኔ ቦዩን ጠርጌ ነበር» አለች ሲጨርስ። «በነዚህ እጆቼ። ሰው ሁሉ አልጠረገችም ሲል ግን፣ ሳልጠርግ ጠረግሁ ብዬ ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። ሐዘን ራስ ያዞራል ይላሉ። እኔም አመንኳቸው።»

ከሳጥኑ አንድ ሥር አንስታ አገላበጠችው።

«ቀዳዳው ተደፍኗል?»

«ተደፍኗል። እሑድ ለመንደሩ እናገራለሁ።»

«እሑድ አይደለም» አለች። «አሁን ሂድና በየቤቱ ተናገር።»

እሱም በዝናብ በየበሩ ሲባጎ እየሳበ፣ እየገባ ተናገረ።

ማዕበሉ በመጣ ጊዜ የቬሰል ስልክ ጮኸ፤ የማይታወቅ ሰው ፓምፑን ሊይዝ ሞክሯል፤ ይፈቀድለት? ይላል። ከለከለ። የሁለቱ ጎረቤቶች ስልክም አብሮ ስለጮኸ፣ እሱ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እነሱ በነቁ ነበር። መሥሪያ ቤቱም ወዲያው ሰምቶ የሌሎቹን መንደሮች ፓምፖች አስጠነቀቀ። ፓምፑ ሲያጉረመርም አደረ፤ መሬቱም አልሰጠመም። የጥንቃቄ ትርፉ ይኸው ነው፦ ያልደረሰ ጥፋት አይታይም፣ ዘፈንም አይወጣለትም፤ ማሳው ግን ደርቆ ያድራል፣ በሌላው ጥፋትም ንጹሕ ሰው አይፈረድበትም።

ግሪት ግማሹን ማሳ ተከለች። የቀረውን ግማሽ ለመትከል ልብ አላገኘችም። የቬሰል በር ሲባጎ ዛሬም እንደተንጠለጠለ ነው፤ መንገዱ የሚጠብቀው በር ነውና ሬንስካም አልተቃወመችም። ግሪት ግን የራሷን ሲባጎ ወደ ውስጥ ስባዋለች። ቬሰል ሊጠይቃት ሲሄድ ያንኳኳል፤ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ እስክትከፍትለትም ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።