ፍቅርና ደንብ በወይዘሮ የሺወርቅ ቤት

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች ከዓለም ገና ወደ ሰበታ የሚወስደውን መንገድ በድንጋይ በዘጉበት ቀን፣ ወይዘሮ የሺወርቅ ከሚኒባስ ወርደው ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ተያያዙት። ሳሙናና አጃ የሞላውን ዘንቢላቸውን ይዘው ጥቂት እንደ ተራመዱ አንዲት ወጣት ከኋላ ደረሰችና ሸክሙን ተቀበለቻቸው። የጨርቅ ነጋዴው የአቶ የሱፍ ልጅ ሬሐና ነበረች። ነርስነት ተምራ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እማማ? አረጋውያኑስ ደኅና ናቸው?»

«ተመስገን ልጄ። አሥራ አንድ ደርሰዋል።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሰፊው ግቢ ጭር ቢልባቸው ጧሪ ያጡ አረጋውያንን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ስለ ቤቱ ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚያነሡት አማታቸውን ነው፤ አሁንም አነሡ።

«አማቴን አሥር ዓመት ጦሬያለሁ። ያኔ ሰበታ በር የሚቆለፍባት አገር አልነበረችም። እሳቸው ሲያስላቸው ሦስት ጎረቤት ይሰማ ነበር። እኔ ገበያ ብውል አንዷ ሾርባ፣ አንዷ ውሃ ይዛ ትገባለች። ማንም ማንንም አይጠራም ነበር።»

«አባቴም ይነግረኛል። አንድ ነገር ብጠይቅዎ ግን አይቀየሙኝም? የእያንዳንዳቸው መድኃኒት የተጻፈበት መዝገብ አለዎት?»

«ምን ያደርግልኛል? አስታማሚያችን ብርሃነሽ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች።»

«ብርሃነሽ የምትመጣው ከተፍኪ ነው። ዛሬ በዚያም በኩል መንገዱ ተዘግቷል። መድኃኒቱን ማን ሰጣቸው?»

ወይዘሮ የሺወርቅ ይህን አላሰቡትም ነበር። «አትክልት አለች፤ ወጥ ቤቷ።»

«ግቢውንስ ማን ይጠብቃል?»

«ግቢውንማ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ መቀነቴ ውስጥ ነው።»

ሬሐና ቆመች። «ከውጭ ነው የቆለፉት?»

«ታዲያስ፤ አንዱ ሽማግሌ ወጥቶ ከግርግሩ መሀል ቢገባብኝስ?»

«ሐሳብዎ ይገባኛል። ግን እሳት ቢነሣ፣ አንዱ ቢወድቅ፣ አትክልት በየት ትወጣለች?»

«ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁት ሁሉን በወረቀትና በደንብ ታደርጉታላችሁ። ሽማግሌ የሚፈልገው ፍቅር ነው።»

«ፍቅርዎን ማንም አይጠራጠርም፣ እማማ። ደንብ የሚያስፈልገው እርስዎ በሌሉበት ሰዓት ነው፤ እርስዎ ያሰቡላቸውን ሌላው ሰው ሳይሳሳት እንዲያደርግላቸው። ያኔ እኮ ይህን የሚሠራው ጎረቤቱ ነበር።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ቅር ብሏቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ብዙ ደጋግ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ስለ አሠራራቸው ሲጠየቁ ስለ ልባቸው የተጠየቁ ይመስላቸዋል።

ከግቢው ሲደርሱ የቆርቆሮው በር ከውስጥ ይደበደባል።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች አትክልት ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ኦቦ ባይሳ አመማቸው። ስልኩ አልሠራ አለኝ፤ መውጫም አጣሁ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ለሬሐና ሰጧት። እሷም በሩን ከፈተችው።

ኦቦ ባይሳ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሚያዩትን ሰው መለየት አቅቷቸው አገኟቸው።

«ምን መድኃኒት ወሰዱ?» አለች ሬሐና።

«ነጯን ክኒን» አለች አትክልት። «ብርሃነሽ ጠዋት ጠዋት ነጭ ስትሰጣቸው አይ ነበር።»

መደርደሪያው ላይ ግን ነጫጭ ክኒኖች ከሁለት ዓይነት ነበሩ፤ የኦቦ ባይሳ የደም ግፊትና የአቶ ካሳሁን የስኳር። ሬሐና የተከፈተውን ማሸጊያ አነበበች።

«የአቶ ካሳሁንን ነው የወሰዱት። ስኳራቸው ወርዷል። ገና መዋጥ ይችላሉ፤ ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጪልኝ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሽማግሌው ዐይን ጠራ። የክኒኑ ኃይል ግን ገና ስላላለቀ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነበረባቸው። መንገዱን ከዘጉት ወጣቶች አራቱ አትክልት ሮጣ ብትነግራቸው መጡና በአልጋ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። «አባባ፣ አይዞዎት» ይሏቸው ነበር በኦሮምኛ፣ እየተፈራረቁ።

በጤና ጣቢያው፣ ከኦቦ ባይሳ አልጋ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ወይዘሮ የሺወርቅ ከሬሐና ጋር ተቀመጡ። «የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ» አሉ። «አትክልት ምን ታድርግ? ያልተነገራትን ከየት ታምጣው?»

«ክፉ አስበው አላደረጉትም።»

«ክፉ ባላስብም ሊሞቱብኝ ነበር። ያኔ የምጦረው አማቴን ብቻ ነበር፤ እኔም ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር። አሥራ አንድ ሰው በአንዲት ብርሃነሽ ጭንቅላት ማኖሬ ስሕተት ነው። እስቲ ከምን ልጀምር?»

«በሩ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ ትርፍ ቁልፍ ጎረቤት ይያዝ። መድኃኒቱ በየስሙ በየሣጥኑ ይቀመጥ፤ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ። መጸዳጃ ቤቱ መደገፊያ ብረት ይኑረው። ከሁሉ በፊት ግን አረጋውያኑ ራሳቸው ይጠየቁ።»

ይህን ብላ ወደ ኦቦ ባይሳ አልጋ ዞረች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባይሳ? ማል በርባዱ?» አለቻቸው፤ እንዴት እንዳሉና ምን እንደሚፈልጉ ስትጠይቅ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና በዝግታ መለሱላት።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ፤ ኦሮምኛቸው ከገበያ አያልፍም።

«ከቴሌቪዥኑ ፊት ባታስቀምጡኝ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ መቀመጥ ይፈልጋሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለው መጋዘን የቆመው በእርሻቸው ላይ ነው።»

ወይዘሮ የሺወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አጉርሰዋቸዋል፤ ይህን ግን ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ከጥምቀት በኋላ ቤቱ ሌላ ሆነ። ብርሃነሽ አራስ እኅቷን ልትጠይቅ ሳምንት ስትቀር አትክልት ከመዝገቡ እያነበበች መድኃኒቱን ያለ ስሕተት ሰጠች። ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ወድቀው የነበሩት አቶ ካሳሁን ብረቱን ይዘው ብቻቸውን ይገባሉ፤ ሰው ባለማስቸገራቸውም ተደስተዋል። በሩ ከውስጥ ስለሚከፈት ጎረቤቶች እንደ ድሮው ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ወይዘሮ የሺወርቅም ከቤት ሲወጡ ልባቸው አይሰቀልም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ደንቡ ፍቅሬን አልቀነሰብኝም፤ እኔ በሌለሁበትም እንዲሠራ አደረገው እንጂ» ይላሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ወንበር ይወጣል። ኦቦ ባይሳ በጣታቸው የመጋዘኑን ጣሪያ እያሳዩ፣ እዚህ ባቄላ፣ እዚያ ገብስ፣ ከጥጉ ደግሞ በሬዎቹ የሚያርፉበት ዋርካ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ወይዘሮ የሺወርቅ ግማሹ አይገባቸውም፤ ያልገባቸውን ግን አሁን ይጠይቃሉ።