ጉልበቴን ነው ያልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ድባቴ ያዘኝ፤ መኖር አስጠላኝ፣ እንባዬ እንኳ ነጠፈ። የታዘዘልኝ የድባቴ ክኒንም አልረዳኝም። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና "አእምሮዋን ታማለች" እንዳልባል አፍሬ፣ ለልጄም ለጎረቤቱም "ጉልበቴን ልታከም" ብዬ፣ ምርኩዝ ይዤ እያነከስኩ አዳማ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ለድባቴዬ ኬታሚን በደም ሥሬ እንዲሰጠኝ አዘዘልኝ።

"ለቀዶ ጥገና የሚያደነዝዙበት አይደለም እንዴ?"

"እሱው ነው፣ እትዬ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አጠገብዎ ነን።"

መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነቴ ቀለለ፤ ጣሪያው እንደ ሰማይ ሰፋ። ሲያበቃ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ቡገንቪሊያ ደማቅ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ለካ ዓለም ቀለም አለው! እንባዬ ወረደ።

"አመመዎት እንዴ?" አለች ነርሷ።

"ኧረ አበባው!" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ምርኩዜን ረስቼ፣ ሳላነክስ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ "ጉልበትሽ ዳነ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እውነቱን ልነግራት አፈርኩ፤ አብሬያት እልል አልኩ።